ለባሕሩ ሹራብ፣ ለበረሃው ውሃ፦ የሜይ መጨረሻ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አየር ናቸው። አልፈርድባችሁም። ደቡብ ካሊፎርኒያ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን ግራ ታጋባለች።  

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። ካሊፎርኒያ ፀሐይ ብቻ ናት ብለውኝ ነበር። ሎንግ ቢች ነው የምኖረው፤ ጠዋት ጠዋት ሰማዩ አመድ መስሎ ነው የሚታየው። በረሃው ውስጥ፣ ፓልም ስፕሪንግስ ያለው ጓደኛዬ ግን በሙቀት አለቅኩ ይላል። እንዴት ነው ነገሩ?

አልዋሹህም፤ ወሩን አልነገሩህም እንጂ። የአገሩ ሰው ይህን ደመና "ሜይ ግሬይ" ይለዋል። ጁን ሲገባ "ጁን ግሉም" ይሆናል፤ ያው ደመና ነው።

ከሰሜን የሚወርደው የባሕር ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ነፋሱ የላዩን ውሃ ሲገፋው ደግሞ ከሥር ሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። በላዩ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ደመና ይሆናል። ታዲያ ለምን ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም? ከበላዩ ሞቃትና ደረቅ አየር ተጭኖታል። አክንባሎ የተከደነበት ምጣድ አስብ፤ እንፋሎቱ መውጫ የለውም።

እዚህ ላይ የለመድነው ይገለበጣል። እኛ ከቆላ ወደ ደጋ ስንወጣ ጋቢ እንደርባለን። እዚህ ግን ጠዋት ከባሕሩ ዳር ተነስተህ 1,740 ሜትር ከፍታ ያለው ማውንት ዊልሰን ላይ ብትወጣ፣ ደመናው ከእግርህ ሥር ይቀራል፣ ጃኬትህንም ልታወልቅ ትችላለህ። እዚህ ቆላና ደጋ የሚለየው በከፍታ ብቻ አይደለም። ከባሕሩ ምን ያህል ትርቃለህ የሚለውም ነው።

የጓደኛህ ሙቀትና የአንተ ብርድ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። በረሃው ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ ቦታውን ለመሙላት የባሕሩ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ተራሮቹ ደመናውን ስለሚያግዱት ፓልም ስፕሪንግስ አይደርስም። በሜይ እዚያ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 35 ዲግሪ (በፋራናይት 95) አካባቢ ነው፤ ጁን ላይ 40 ይነካል። አንተ ዘንድ ግን በሜይ 23 አካባቢ ነው። ታገስ፤ ብዙውን ጊዜ ረፋዱ ላይ ወይም ከቀትር በኋላ ይገልጣል። የማይገልጥበትም ቀን አለ፤ አለመዋሸት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ጁን ላይ ሳን ዲዬጎ ትመረቃለች። ዝግጅቱ ሜዳ ላይ ነው፤ ጠዋት። የሐበሻ ቀሚስ በነጠላ ይበቃኛል?

እንኳን ደስ አለሽ። ለጠዋቱ ነጠላው አይበቃም፤ ከሥር የሚደረብ ቀጭን ሹራብ ያዢ። የፀሐይ ቅባትም ተቀቢ። ደመና ነው ብለሽ አትናቂው፤ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በስስ ደመና ያልፋል። ፎቶው ግን ያምራል፤ በደመና ብርሃን ማንም ዓይኑን አያጨናብስም።

ጥያቄ፦ አባቴ ከአዲስ አበባ መጥቷል። በወጣትነቱ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ዴዝ ቫሊ የሚባለውን በረሃ ካላየሁ ብሏል። "ሙቀት ለእኔ አዲስ አይደለም" ይላል። ልውሰደው?

አባባን አደንቃቸዋለሁ። ግን ዕድሜያቸው የዚያን ጊዜው አይደለም።

ዴዝ ቫሊ ዝቅተኛው ቦታው ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። የእኛ ዳሎል ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሊኮሩ ይችላሉ። ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ግን እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ የተያዘው ለዚህ ሸለቆ ነው። በሜይ መጨረሻ ከ38 በላይ የተለመደ ነው።

ተንኮሉ ደረቅነቱ ላይ ነው። ላብ ወዲያው ስለሚተን ሰውዬው ያላበው አይመስለውም፤ ውሃም አያምረውም። ከሄዳችሁ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ያዙ፤ ከረፋዱ በፊት ወደ መኪናችሁ ተመለሱ። በፓርኩ ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

እኔ ብሆን ግን ጆሹዋ ትሪ ነው የምወስዳቸው። በረሃ ነው፣ ግን ከፍ ያለ ነው። እዚያ የእኛው የቆላና የደጋ ሕግ ይሠራል፤ ከፓልም ስፕሪንግስ ብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ነው የምነዳው። በ10 አውራ ጎዳና ባኒንግን አልፌ ስወርድ ነፋሱ መኪናዬን ይገፋዋል። ይህ ወር ሲያልፍ ይቀንሳል?

ቶሎ አይደለም። ያ ሳን ጎርጎኒዮ ማለፊያ ነው። በሁለት ወገን ከ3,000 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች አሉ፤ የባሕሩ አየር ወደ በረሃው የሚያልፈው በዚያች በር ነው። እነዚያ ሁሉ የነፋስ ተርባይኖች እዚያ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። እዚህ አገር በስፕሪንግና በሰመር መግቢያ ይበረታል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላና ማታ። ባዶ ተጎታች ይዘህ ከሆነ በጣም ቀስ በል። አቧራ መንገዱን ከሸፈነው ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጣ፣ ቁም፣ መብራት አጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ያዝና እግርህን ከፍሬኑ ላይ አንሳ። መብራትህ ከበራ የኋላው ሹፌር የምትሄድ መስሎት ይከተልሃል።

ጥያቄ፦ ከሪቨርሳይድ ወደ ሳንታ ሞኒካ ተዛወርኩ። ሊጤ ኩፍ አልል አለኝ። ጤፉ ነው ወይስ እጄ?

ጤፉም እጅዎም አይደለም እሜቴ፤ ባሕሩ ነው። ማታ ወጥ ቤትዎ ይቀዘቅዛል፤ እርሾው ይተኛል። በለብ ያለ ውሃ ያቡኩት፣ እርሾ ጨመር ያድርጉ፤ ዕቃውን ምድጃው ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርተው ያሳድሩት። አረፋ ሳያዩ አብሲት ለመጣል አይቸኩሉ። በረሃው ውስጥ፣ ኢንዲዮ ያለች ዘመድ ካለችዎ ተቃራኒውን ይንገሯት፤ እዚያ አንድ ቀን ቢረሱት ሆምጣጤ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዣንጥላ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግዎትም። የዝናቡ ወራት አልፈዋል። ጠዋት ባሕሩ ዳር የሚያካፋው ካፊያ መሬት እንኳ አያርስም፤ ከአቧራው ጋር መስታወት ያቆሽሻል እንጂ። መኪናዎን ከሰዓት ያሳጥቡ።