ፊልም ለመሥራት ለምትነሡ ወጣቶች፦ ስለ ጃኑ ባሩዋ የሥራ ዘመን

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በፊልም ኤዲተርነት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ ከእናንተ አዘውትሮ የሚደርሰኝ ጥያቄም «በራሳችን ቋንቋ ብንሠራ ማን ያይልናል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ የሚበልጥብኝ በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በአሳም ግዛት የተወለደው የዳይሬክተር ጃኑ ባሩዋ የሥራ ዘመን ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሳምኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ህንዳውያን በ2011 ቆጠራ 15 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። አማርኛ ተናጋሪው ከዚህ ይበዛል፤ በዚያ ላይ የአሳም ሲኒማ ዘወትር የሚወዳደረው ከግዙፉ የሂንዲ ፊልም ገበያ ጋር ነው። የመጀመሪያውን የአሳምኛ ፊልም በ1935 ለሕዝብ ያሳየው ጂዮቲፕራሳድ አጋርዋላ በቤተሰቡ የሻይ እርሻ ላይ ጊዜያዊ ስቱዲዮ አቁሞ ቢሠራም፣ ፊልሙ ለከባድ ኪሳራ ዳርጎታል። ባሩዋ የተረከበው እንዲህ ያለውን ሙያ ነበር።

በ1952 የተወለደው ባሩዋ በፑኔ የፊልም ተቋም ከተማረ በኋላ ወዲያው የራሱን ፊልም አልጀመረም፤ አህመዳባድ ሄዶ ለህንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት የልጆች የሳይንስ ፕሮግራሞችን ሠራ። ድርጅቱ በ1975 እና በ1976 ወደ 2,400 ለሚጠጉ መንደሮች በሳተላይት ትምህርት ያሠራጭ ነበር። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለውን ሥራ የባከነ ጊዜ አድርጋችሁ እንደምታዩት አውቃለሁ፤ እኔ ግን የኋላ ፊልሞቹን ግልጽነት ስመለከት፣ ቴሌቪዥን አይቶ ለማያውቅ የገጠር ልጅ አንድን ነገር በምስል ማስረዳት እጁን የገራለት ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ፊልሙን «አፓሩፓ»ን በ1982 ሠራ። ስሙን ያስጠራው ግን በሆሜን ቦርጎሃይን ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1987 ያወጣው «ሃሎዲያ ቾራዬ ባኦዳን ካይ» ነው። ታሪኩ አንድ ድሃ ገበሬ የሚያርሰውን መሬት የአካባቢው ባለጸጋ «የእኔ ነው» ብሎ ሲነሣበት፣ ጥሪቱን እያሟጠጠ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተትበት ነው። ይህን ፊልም ደጋግሜ ያየሁት ትግሉ የሚካሄደው በጩኸትና በድብድብ ሳይሆን በማመልከቻ፣ በቀጠሮና በጉቦ በመሆኑ ነው። ባለሥልጣኑ ሲያዘገየው፣ ገበሬው ደግሞ ሲለምን እያየን የአንድ አገር አስተዳደር እንዴት እንደሚሠራ እንረዳለን። ከምታሳዩኝ ስክሪፕቶች ብዙዎቹ በኪራይ ቪላ ሳሎን ውስጥ ጀምረው እዚያው የሚያልቁ በመሆናቸው፣ ይህን ፊልም በጥሞና እንድታጠኑት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የህንድን ብሔራዊ የምርጥ ፊልም ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የአሳምኛ ፊልም እርሱ ነው፤ በ1988 በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫልም «የብር ነብር» የተባለውን ሽልማት አግኝቷል፤ ገበሬውን ሆኖ የተጫወተው ኢንድራ ባኒያም በትወናው ተሸላሚ ሆኗል። ይህን ሁሉ ያስገኘው ለውጭ ተመልካች ተብሎ የተቀባ ታሪክ ሳይሆን፣ ዳይሬክተሩ ጠንቅቆ የሚያውቀው የገጠር ኑሮ ነው።

በ1995 የሠራው «ኻጎሮሎይ ቦሁዱር»፣ ከልጅ ልጁ ጋር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ጀልበኛ ሰው በሚያሻግርበት ወንዝ ላይ መንግሥት ድልድይ ሲሠራ የሚገጥመውን ያሳያል። ድልድዩ ለመንደሩ ጥሩ ነው፤ ለጀልበኛው ግን እንጀራውን ያሳጣዋል። ባሩዋ ማንንም ክፉ አድርጎ ሳይስል ሁለቱንም እውነት አጠገብ ለአጠገብ ማኖር በመቻሉ፣ የብሔራዊው የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ተገብቶታል እላለሁ።

በ2005 በሂንዲ ፊልም ሠርቶ ሰፊ ተመልካች ካገኘ በኋላም በ2012 «ባንዶን»ን ይዞ ወደ አሳምኛ ተመልሷል። ከእርሱ በኋላ ደግሞ በራሷ ጥረት ፊልም የተማረችው ሪማ ዳስ፣ በትውልድ መንደሯ ልጆች ላይ በ2017 ያወጣችው ፊልም ብሔራዊውን የምርጥ ፊልም ሽልማት ለአሳምኛ በድጋሚ አስገኝቷል፤ የጻፈችው፣ የቀረጸችውና ያቀናበረችው ራሷ ናት።

እንግዲህ ቀጣዩን ስክሪፕታችሁን ከመጀመራችሁ በፊት የጀልበኛውን ፊልም ሁለት ጊዜ እዩ። በመጀመሪያው በየትዕይንቱ ሽማግሌው ምን እንደሚፈልግና ማን እንደሚከለክለው ጻፉ፤ በሁለተኛው ድምፁን ዘግታችሁ፣ ያለ ንግግር የገባችሁን ሁሉ መዝግቡ። ከዚያ የራሳችሁን ስክሪፕት በዚያው መንገድ ፈትሻችሁ ላኩልኝ፤ በደስታ አነበዋለሁ።