መልስ፦ ቤቴን ዳግም ብሠራ የምለውጠው
«ቤታችሁን እንደገና ብትሠሩ ምን ትለውጣላችሁ?» ብለው ለጠየቁን፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው ስለ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ እያወቅሁ፣ መሠረቱ ሲቆፈር የከርሰ ምድር ማጠራቀሚያ አብሬ ባለማሠራቴ፣ ኋላ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ጣሪያ ላይ ላስቀምጥ ስል፣ ውኃው ብቻ 5 ቶን እንደሚመዝንና ሶሌታው (የጣሪያው ኮንክሪት ንጣፍ) ለዚያ ክብደት እንዳልተሰላ መሐንዲሱ ነገረኝ፤ ያለቀ ግቢ ዳግም ማስቆፈር ግድ ሆነብኝ። ለእንጀራ ምጣድም ብዙ ኃይል ስለሚስብ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ መስመር ከመጀመሪያው አስዘረጋ ነበር። መሬትዎ ጥቁር መረሬ ከሆነ ግን፣ አፈሩ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ግድግዳ ስለሚከፍል፣ ከፕላኑም በፊት የአፈር ምርመራ ያስደርጉ፤ ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ እባክዎ አይሰስቱ።