ኮንሶሉ ላይ አማርኛው ሳጥን ሆኖ ሲመጣ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የኮፒና የጽሕፈት ሥራ አለኝ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ሲከብደው ዴቢያን ሊኑክስን ያለ ግራፊክ ጫንኩበትና የደንበኞች ፋይል ማስቀመጫ አደረግኩት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ግን የአማርኛ የፋይል ስሞች ሳጥን ሳጥን ሆነው ነው የሚመጡት። ከሌላኛው ኮምፒውተር በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት መግቢያው) ስገባ የሚቀበለኝ የይለፍ ቃልም እዚያው ኪቦርዱ ላይ ስጽፈው እምቢ ይላል፤ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ነው የምገባው። @ ስጫን የጥቅስ ምልክት ሲጽፍም አይቻለሁ። የአማርኛ ኪቦርድስ እንዴት ልጨምርበት?»

ወንድሜ፣ ከይለፍ ቃሉ ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ቃሉ ምንም አልሆነም። @ና የጥቅስ ምልክት ቦታ ከተለዋወጡ፣ ኮንሶሉ፣ ማለትም ያ ጥቁሩ ስክሪን፣ ኪቦርድህን የእንግሊዝ አድርጎ ነው የያዘው፤ ቁልፎቹ ላይ የታተመው ደግሞ የአሜሪካ ነው። ሺፍትና 3 ስትጫንም የፓውንድ ምልክት ያወጣልሃል። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ስለማይታይ ሰው ይህን ሳያውቅ በከንቱ ይደክማል። በኤስኤስኤች ስትገባ የሚሠራው የሌላኛው ኮምፒውተር ኪቦርድ ስለሆነ እዚያ ችግር የለም።

እንዲህ ያለ ነገር ስትጠረጥር ቃሉን የተጠቃሚ ስም በሚጠይቅህ ቦታ ላይ ጻፈውና ምን እንደሚወጣ እይ። አጠገብህ ሰው እንዳይኖር። ኢንተር ግን በፍጹም አትጫን፤ ቃሉ ሲስተሙ መዝገብ ላይ ሊቀር ይችላል። አይተህ ወዲያው አጥፋው። ለዛሬ መግባት ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ ሺፍትን ይዘህ ከኢንተር በስተግራ ያለችውን የጥቅስ ቁልፍ ጫን፤ @ እዚያ ናት።

አሁን ለዘለቄታው እናስተካክለው። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፍልህ፤ አንተ በትናንሽ የላቲን ፊደላት ጻፋቸው፣ ሰረዟንም አትርሳ። በሩት ገብተህ «ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኪቦርድ-ኮንፊገሬሽን» በል። ሞዴሉን ባለ 105 ቁልፍ መደበኛ ፒሲ፣ አቀማመጡን የአሜሪካ እንግሊዝኛ አድርግ። የቀረውን እንዳለ እለፈው። ከዚያ አዲሱ ቅንብር ሥራ ላይ እንዲውል «ሴታፕኮን» ብለህ ኢንተር።

ወደ ሳጥኖቹ እንምጣ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይምታታሉ። ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ያለበት ቅርጽ ካየህ፣ ሲስተሙ ፊደሉን አውቆታል፤ የሚስልበት ፎንት ግን የለውም። በፊደሉ ፈንታ ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝና እንደ 341 ያሉ ቁጥሮች ተደርድረው ብታይ ኖሮ ደግሞ ጥፋቱ የፎንት ሳይሆን የሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ) ነበር። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በቁጥር አድርጎ በሚያስቀምጠው ዘዴ) ሦስት ባይት ይይዛል፤ የዋናዎቹ ፊደላት የመጀመሪያ ባይት በእነዚህ ቁጥሮች ሲጻፍ ሁልጊዜ 341 ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ «ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ሎኬልስ» ብሎ ዩቲኤፍ-8 ያለበትን መምረጥና ወጥቶ መግባት ነው። የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም ዩቲኤፍ-8 ፊደሉን እኩል ያሳያሉ። እኔ ለእንዲህ ያለ ማሽን እንግሊዝኛውን እመርጣለሁ፤ ስህተት ሲመጣ መልእክቱን እንዳለ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይቻላል።

ያንተ ችግር ፎንቱ ነው። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጫኑት ፎንቶች 256 ብቻ ናቸው። የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የተሰጣቸው ዩኒኮድ የሚባል ዝርዝር ውስጥ ዋናው የግዕዝ ፊደላት ክፍል ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን ጨምሮ 358 ምልክቶች አሉት። 95ቱን የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ስትደምርበት 453 ይሆናል። ከ512 በታች ነው፣ ይበቃናል! ይህን ሳሰላ ሁሌም ደስ ይለኛል፤ ቻይንኛ የሚጽፍ ሰው ይህ ዕድል የለውም።

ዴቢያን ደግሞ የአማርኛ ፎንት አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ከኢንተርኔት ሲያወርድ ይውላል፤ የሚያወርደው የግራፊክ ፎንት ደግሞ ኮንሶል ላይ አይሠራም። አንተ «ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኮንሶል-ሴታፕ» በል። ትዕዛዙ ፓኬጁ የለም ካለህ መጀመሪያ በ«አፕት» (በዴቢያን የፕሮግራም መጫኛ) ጫነው። ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ የፊደሉን ዓይነት ኢትዮፒክ፣ ፎንቱን ጎሐ ወይም ጎሐ ክላሲክ አድርግ። መጠኑን ከ16 አታሳንስ። ኮንሶል ላይ ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ስለሚሰጠው እንደ ጨ እና ሠ ያሉት ሰፋፊዎቹ ይጨናነቃሉ፤ ሲያንስ ዓይን ይፈጃል። ባለ 512ቱ ፎንት አንድ ዋጋ ያስከፍልሃል፤ የጽሑፍ ቀለሞቹ ከ16 ወደ 8 ይወርዳሉ። ለፋይል ማስቀመጫ ምንም አይደል።

ይህን ሁሉ እዚያው ማሽኑ ፊት ቁጭ ብለህ ሥራው። በኤስኤስኤች ስትገባ የምታየው ፎንት የምትጽፍበት ኮምፒውተር ፎንት ስለሆነ ለውጡ አይታይህም። «ሴትፎንት» በሚባል ትዕዛዝ ፎንቱን ቀይር የሚል ምክር ካጋጠመህም ለሙከራ ብቻ ተጠቀምበት፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የለም። እናንተ ሰፈር ደግሞ መብራቱ እንዴት እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ።

የአማርኛ ኪቦርዱን ግን ተወው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ ኪቦርድ ላይ ካሉት ቁልፎች ላይ መደርደር አይቻልም። ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ስንጽፍ ሁለት ሦስት ቁልፍ አጣምሮ አንድ ፊደል የሚያወጣልን ራሱን የቻለ ፕሮግራም አለ፤ ኮንሶሉ ያ የለውም። በአቀማመጥ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ የሚል ታገኛለህ፤ ብቻውን ከመረጥከው ግን የላቲን ፊደል አጥተህ መግባትም ትቸገራለህ።

አንተ ደግሞ እዚያ ማሽን ላይ አማርኛ መጻፍ አያስፈልግህም። ሚድናይት ኮማንደር የሚባለውን የፋይል ማስተዳደሪያ ጫንና ፋይሉን በቀስት ቁልፎች እየመረጥክ ቅዳ፣ አንቀሳቅስ፣ አጥፋ። ስም መቀየር ሲኖርብህ ከዊንዶውሱ በኔትወርክ ገብተህ ቀይር። የግድ እዚያው አማርኛ ልጻፍ ካልክ ኢማክስ የተባለው ጽሑፍ ማረሚያ ኢትዮፒክ የሚባል የራሱ መጻፊያ አለው፤ ያለ ግራፊክም ይሠራል። ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሳልረሳው፣ ደንበኞች የፋይል ስም ሲያስረዝሙ ተጠንቀቅ። ዴቢያን ዲስክ ላይ ፋይል ለማስቀመጥ በተለምዶ የሚጠቀመው ኤክስት4 የሚባል ሥርዓት ለአንድ ስም 255 ባይት ብቻ ነው የሚፈቅደው። በአማርኛ ከ85 ፊደል አያልፍም፤ «የመጨረሻ የታረመ» የሚለውም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ሁሉን ጨርሰህ ማሽኑን አንዴ አጥፍተህ አብራው። ሳጥኖቹ ከተመለሱ «ሴታፕኮን» በልና እይ። በእሱ ከተስተካከለ ቅንብሩ ደህና ነው፤ ሲነሳ ግራፊክ ድራይቨሩ ዘግይቶ እየገባ ፎንቱን እየጣለው ሊሆን ስለሚችል የግራፊክ ካርዱን ዓይነት ጻፍልኝ።