ዘይቱን ራሴ ልቀይር ወይስ ጋራዥ ልውሰዳት?

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን አውቶሞቢል ናት። እስካሁን ዘይት የማስቀይረው ጋራዥ ነው። ሥራው ቡሎን ፈትቶ ማፍሰስና አዲስ መሙላት ከሆነ ለምን እከፍላለሁ? ራሴ ብሠራውስ የት ላይ ልሳሳት እችላለሁ?

መልስ፦ ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ከመኪናው ሥር በሰላም ገብቶ መውጣቱ ነው። ደልዳላና ጠንካራ ወለል፣ እንዲሁም የብረት ማቆሚያ ከሌለዎት ያለ ብዙ ማሰብ ለባለሙያ ይክፈሉ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም።

ይህ ከተሟላ የሚገዛው በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈው ዘይት፣ አዲስ ፊልትሮና ለማፍሰሻው ቡሎን የሚሆን ሮንዴላ ነው። መመሪያው 5ደብሊው-30 (የዘይቱ ውፍረት ምልክት ነው) ካለ «ወፈር ያለው ይሻላል» ተብሎ 20ደብሊው-50 አይሞላም፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ወፍራሙ ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፣ የሚፋጨውም ያኔ ነው። መጠኑም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ቪትዝ ላይ የሚገኘው ባለ 1.5 ሊትር የዋን ኤንዜድ ሞተር ከነፊልትሮው የሚወስደው 3.7 ሊትር ያህል ነው። ባለ 4 ሊትሩን ጀሪካን «እንዳይተርፍ» ብሎ ሙሉውን መገልበጥ የተለመደ ስህተት ነው። ዘይት ከልክ ሲያልፍ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ) ሲሽከረከር ይመታውና አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም።

ሞተሩን 5 ደቂቃ ያህል አስነስተው ያጥፉት። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ የጋለው ግን እጅ ይልጣል። የመሙያውን ክዳን ከላይ ይክፈቱ፣ ሰፊ ሳፋ ከሥር ያስቀምጡ፣ ከዚያ የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ቡሎን ይፍቱ። ከመፍታትዎ በፊት ግን ቡሎኑ የሞተሩ መሆኑን ደጋግመው ያረጋግጡ። በአንዳንድ አውቶማቲክ መኪኖች የካምቢዮው ማፍሰሻ እዚያው አጠገብ ነው። የወጣው ዘይት ቀላ ካለ ወዲያው መልሰው ይዝጉት፤ ሳያውቁ ከቀጠሉ ካምቢዮው ባዶ ሆኖ ሞተሩ ደግሞ እጥፍ ዘይት ተሞልቶ ይነሳል።

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ይኸው ቡሎን ነው። ኮፓው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ በጉልበት የጠበቀ ቡሎን ጥርሱን ይበላዋል። በጣት አስገብተው እስኪያልቅ ያዙሩት፤ በጣት እምቢ ካለ ተጣሞ ገብቷልና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ማጥበቂያው መጠን ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ከላይ ለጠቀስነው ሞተር 37 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ያህል ነው።

ሁለተኛው ፊልትሮው ነው። አሮጌውን ሲፈቱ ክብ ጎማው አብሮ መውጣቱን ይዩ። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጥቁር ስለሆነ በዘይት በራሰ ብረት ላይ በዓይን አይታወቅም፣ በጣት ዙሪያውን መዳሰስ ይሻላል። አዲሱ በላዩ ከታሰረ ሁለቱ ጎማዎች ይንሸራተታሉ፤ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ በግፊት ይረጫል። የአዲሱን ጎማ በንጹህ ዘይት ቀባ አድርገው፣ ብረቱን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ያህል ያጥብቁ። የፊልትሮ መፍቻ ለመፍታት ነው እንጂ ለማጥበቅ አይደለም።

ከተባለው መጠን ግማሽ ሊትር አጉድለው ይሙሉና ሞተሩን ያስነሱ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉት። መብራቱ ከጠፋ ሞተሩን 30 ሰከንድ አቆይተው ያቁሙ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ እንዳለ ይመልከቱ፣ 5 ደቂቃ ጠብቀው በመለኪያው ዘንግ ይለኩ፤ የጎደለውን በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ከወሰድኳት ምን ልከታተል?

መልስ፦ የታሸገው ጀሪካን እርስዎ ፊት ይከፈት፤ አሮጌውን ፊልትሮ አሳዩኝ ይበሉ። ሳይቀየር «ተቀይሯል» የሚባለው እሱ ነውና። ቡሎኑን በአየር መፍቻ የሚያጠብቅ ካዩ ያስቁሙት፤ ጥርሱ መበላሸቱን የሚያውቀው ቀጣዩ ቀያሪ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ዘንጉን ራስዎ ይለኩ። በምላሹ ጋራዥ እርስዎ የማይችሉትን ይሰጣል፦ መኪናዋ ከፍ ብላ ስትሰቀል የተቀደደ የአክስል መሸፈኛ ላስቲክ፣ የሚያፈስ ሾክ አብዞርበር፣ በውስጥ በኩል ብቻ ያለቀ ጎማ ይታያል። ይህን የማያይልዎት ጋራዥ ከሆነ ራስዎ ቢሠሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ዘይት በሳምንቱ ጠቆረ። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ በናፍጣ ሞተር የተለመደ ነው፤ በቤንዚንም መጥቆር ብቻውን ምልክት አይደለም። የሚያስፈራው ዘንጉ ላይ ወተት የመሰለ ዘይት ነው፤ የራዲያተር ውኃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል መኪናዋን አያንቀሳቅሱ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝም እንዲሁ ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ የተቃጠለውን ዘይት የት ላድርገው?

መልስ፦ ክዳን ባለው ጀሪካን ሰብስበው ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ወይም ማደያ ይስጡ። አፈርና ቱቦ ውስጥ አይደፋ። ቤንዚን ወይም የራዲያተር ውኃ ከተቀላቀለበት መልሶ ለመጠቀም ስለማይመች ለብቻው ይቀመጥ። ፊልትሮውን አፉን ደፍተው አንድ ሌሊት ያስንጠባጥቡት፤ ውስጡ የሚቀረው ዘይት ከሚገምቱት በላይ ነው።