እጅ ሲንቀጠቀጥ፦ ለጅማ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ ስታዩ ለበሽታው ስም ለማውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ እዩ።

አያታችሁ ቡና ላይ ሲቀመጡ አስተውሏቸው። እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ ሳለ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ክኒን የሚያድበለብሉ ይመስል ይፋተጋሉ? ሲኒውን ሲያነሱስ ለአፍታ ጋብ ይላል? በአንድ ወገን ከጀመረ፣ እርምጃቸው ካጠረ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ካዘገያቸው፣ ጽሕፈታቸውም እየደቀቀ ከሄደ፣ ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል ሕመም ሊሆን ይችላል። መንቀጥቀጡ ከተደበቀ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ጠይቋቸው፤ ሐሳባቸው ሲያዝ ይወጣል። ጭን ላይ ጸጥ ያለው እጅ ሲኒው ከረከቦቱ ሲነሳ ተንቀጥቅጦ ቡናውን የሚያፈስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሞች ኢሴንሻል ትሬመር ይሉታል፤ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም በዘር ይወርዳል። አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሊጠፋ ይችላል።

የእናንተ የራሳችሁ እጅ ፈተና ሰሞን ከተንቀጠቀጠ፣ ሌሊቱን በጫትና በቡና ማንጋታችሁን አስቡ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃ ንጥረ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ያለውን ረቂቅ መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁ ላይ ወረቀት ብታስቀምጡ ጠርዙ ሲርገፈገፍ ታዩታላችሁ። ጫቱን ትታችሁ፣ ቡናውን ቀንሳችሁ፣ እንቅልፍ ጠግባችሁም ካልተወ፣ በተለይ እየከሳችሁ፣ ልባችሁ እየመታና ሙቀት እያስቸገራችሁ ከሆነ፣ ታይሮይድ የተባለውን የአንገት ዕጢ የሚያይ የደም ምርመራ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመድኃኒቱ ነገር ነው። ለትውከት ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም ሃሎፔሪዶል የወሰደ ወጣት፣ አንዳንድ ጊዜ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋው ይያዛል። ቤተሰብ "ለከፈው" ብሎ ሌላ ቦታ ይዞት ይሮጣል። ሆስፒታል ቢወሰድ በመርፌ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል! የወሰደውን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ።

መንቀጥቀጡ በድንገት መጥቶ አፍ ከተጣመመ፣ አንድ ወገን ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ፣ ሳታድሩ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ "እጅ ያረጋል" ተብሎ ከጓደኛ የሚወሰድ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት አለ። አስም ያለበት ሰው ከዋጠው ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል።