«ውድድር፦ ዝቅተኛ»

ይድረስ ትንሽ የአፊሊየት ድረ ገጽ (የሌላውን ዕቃ አስተዋውቆ ከሽያጩ ኮሚሽን የሚያገኝ) ለጀመራችሁ፣ ለመጀመርም ለምታስቡ ልጆች፤

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው «ኪዋርድ ከየት ላምጣ?» የሚለውን ነው፤ ሰው ጎግል ላይ ጽፎ የሚፈልገውን ቃል ማለታቸው ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ሺህ ቃል የታጨቀበት የኤክሴል ፋይል አብሮ ይልክልኛል። እኔም በዚያው መንገድ ስለጀመርኩ ለመሳቅ አፍ የለኝም።

የመጀመሪያ ድረ ገጼ ስለ ልብስ ስፌት ማሽን ነበር። የፍለጋ ቃላትን ከነብዛታቸው የሚያሳየውን የጎግል መሣሪያ፣ ኪዋርድ ፕላነርን ከፈትኩ። «ውድድር» በሚለው ዓምድ ሥር «ዝቅተኛ» የተባሉትን ቃላት ለቃቅሜ ስምንት ወር ጻፍኩ። ጠብ የሚል ነገር አጣሁ። ለካ ያ ዓምድ የሚያወራው ስለ ማስታወቂያ ነው። በዚያ ቃል ማስታወቂያ ለማሠራት ምን ያህል ከፋይ እንደሚሻማ ይነግራችኋል። ሳይከፍሉ በፍለጋው ከፊት መውጣት ይቀላል ወይስ ይከብዳል ለሚለው መልስ የለውም። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። በዚያ ላይ ማስታወቂያ ለማያሠራ ሰው የፍለጋውን ብዛት «ከ100 እስከ 1 ሺህ» ብሎ በጅምላ ነው የሚሰጠው። መቶና ሺህ አንድ ናቸው እንዴ?

ስለዚህ ቃሉን ራሱን ፈልጉት። «የስፌት ማሽን» ብትሉ የሚመጣው ትልልቅ መደብርና አምራች ነው፤ እዚያ መጋፋት ትርፉ ድካም ነው። «ጂንስ የሚሰፋ» ብላችሁ ጀምሩና ጣታችሁን አቁሙ። ጎግል ምን ብሎ እንደሚጨርስላችሁ አንብቡ፤ ሰዎች ከሚፈልጉት የተለቀመ ነው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች አንድ በአንድ ክፈቱ። አዎ፣ ያሰለቻል። ጥያቄውን በግማሽ መልሶ ያለፈ ገጽ ከፊት ተቀምጦ ካገኛችሁ ግን መግቢያ አላችሁ።

እኔን ያነቃኝ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል መሣሪያ ነው። ነፃ ነው፤ ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ገጻችሁ እንደታየ ይዘረዝራል። አንድ ቀን ስመለከት «ማሽኔ ከታች ክር ለምን ያጠላልፋል» በሚል ፍለጋ በወር 40 ጊዜ ታይቻለሁ፤ የነካው ሰው የለም። ቦታዬ ከ30ኛ በታች ነበር። ኪዋርድ ፕላነር ይህን ዓረፍተ ነገር ከነመኖሩም አያውቀውም። ጎግል በየቀኑ ከሚፈለገው 15 በመቶ ገደማው ከዚያ በፊት ተፈልጎ የማያውቅ ነው ይላል፤ የፍለጋ ብዛቱ «ዜሮ» የተባለን ቃል አትናቁ የምለው ለዚህ ነው።

ለጥያቄው ራሱን የቻለ ገጽ ጻፍኩለት። ክሩ የሚጠላለፈው ከታች ቢሆንም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ከፍ ሳታደርጉ ክር ካስገባችሁ፣ ክሩን የሚወጥሩት ዲስኮች ስለሚዘጉ በመካከላቸው አይገባም። እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ክሩን እንደገና አስገቡ፣ አለቀ። ይህንን በሦስት ፎቶ አሳየሁ። ገጹ በሳምንታት ውስጥ ወደ ላይ ወጣ።

ገንዘቡስ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ገጽ የሚገኘው ኢምንት ነው። ማሽኑ የተስተካከለለት ሰው ሌላ ማሽን ምን ያደርግለታል? ቢበዛ ቁጥሩ 100/16 የሆነ የጂንስ መርፌ ይገዛል። የሚሸጡት «የትኛው ይሻላል» እና «ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሆን» የሚሉት ፍለጋዎች ናቸው፤ እዚያ ሰውየው ሊገዛ ቆርጦ፣ የቀረው ምርጫ ብቻ ነው። ሆኖም ክሩን ካስተካከለለት ገጽ ወደ ጂንስ ማሽኖቹ ገጽ የተሻገረው አንባቢ አምኖኝ ነበር የመጣው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ብሠራ ኖሮ አይሆንልኝም ነበር።

ለአንድ ጥያቄ ሁለት ገጽ አትጻፉ፤ በፍለጋው እርስ በርስ ይሻማሉ። የኮሚሽን ሊንካችሁን ደግሞ አትደብቁ። በወር የሚከፈልባቸው የኪዋርድ መሣሪያዎች ለጊዜው ይቆዩላችሁ።

እኔ እስከ ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሰርች ኮንሶልን ሳልከፍት ሥራ አልጀምርም። በዚህ ሳምንት «መርፌዬ የጂንስ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ለምን ይሰበራል» የሚል ፍለጋ 11 ጊዜ አሳይቶኛል። ገጹን ገና አልጻፍኩትም፤ ቀድማችሁ ብትጽፉት አልቀየማችሁም።