ካምቢዮው ተቀይሯል፤ የኋላው ዲፈረንሻልስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ2002 ሞዴል ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ አለችኝ። ከአሜሪካ የመጣች፣ ማንዋል፣ ባለ 5 ማርሽ ነበረች። አምና 3ኛው ማርሽ ጥርሱን በላ። ከተጋጨች የ2004 ኤስ ቲ አይ (ኃይለኛዋ ኢምፕሬዛ) የወረደ ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ አገኘሁና አስገጠምኩ። ማርሹ ቅቤ ነው። ግን ካምቢዮው ላይ የትም ያልተሰካ ባለሁለት ሽቦ ሶኬት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ «የመሃል ዲፈረንሻሉን የሚያጠብቀው እሱ ነው፤ መቆጣጠሪያውን ገዝቼ ልላክልህ» ይለኛል። ልግጠመው? ከኋላ ምንም አልነካንም። ረጅም መንገድ ስሄድ ከታች የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። መቆጣጠሪያው ስለሌለ ይሆን? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ ልክ ነው። መቆጣጠሪያው ያምራል፣ ይሠራልም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን «ከኋላ ምንም አልነካንም» ያልከው ነው። እውነት ከሆነ እባክህ ያን ሶኬት አትንካው። መኪናዋንም ቢሆን ብዙ አትንዳት።

ለምን? የድሮው ካምቢዮህ ከፊት 3.90 ዲፈረንሻል አለው፤ ዘንጉ 3.90 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። የኋላው ደግሞ 3.545 ነው። ሁለቱ የማይገጥሙ ይመስላል። ግን ባለ 5 ማርሹ ውስጥ ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፍ የ1.1 ጥርስ አለ። 3.545ን በ1.1 ስታባዛው 3.90 ይመጣል። ስለዚህ ፊትና ኋላ ተስማምተው ይዞራሉ። አሁን የገጠምከው ባለ 6 ማርሽ ግን ያ 1.1 የለውም፤ አንድ ለአንድ ነው። ከኋላውም 3.90 ይፈልጋል። አንተ ጋ 3.545ቱ እንዳለ ነው። የፊት ጎማ 100 ጊዜ ሲዞር የኋላው 110 ጊዜ ልዙር ይላል ማለት ነው። መሬቱ አይፈቅድለትም። ልዩነቱን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር የሚውጠው የመሃል ዲፈረንሻሉ ነው። እሱ የተሠራው ኩርባ ላይ ለትንሽ ጊዜ እንዲሠራ ነው፤ እስከ አዳማ ድረስ ያለ እረፍት እንዲሽከረከር አይደለም። ለድምፁ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። እስካሁን የቆየልህም ኮረንቲ ስላልደረሰው፣ ማለትም ክፍት ስለሆነ ነው። መቆጣጠሪያ ሰክተህ ብታጠብቀው ጎማ ይበላል፣ ወይ ጥርስ ይሰብራል።

እኔን አትመን፤ ቁጠረው። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፍ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሳና መደገፊያ ብረት አስገባ። ክሪክ ብቻውን ሰው ይገድላል። ማርሹ ኒውትራል ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምር። ጓደኛህን ጥራና ሁለታችሁ ሁለቱን ጎማዎች እኩል፣ ቀስ ብላችሁ 10 ዙር አዙሩ። አንዱን ብቻ ካዞርክ ቁጥሩ ይዋሽሃል። ሦስተኛ ሰው ጠመኔዋን ይቁጠር። 39 ከመጣ የኋላው 3.90 ነው፣ ሰላም ነህ። 35 ተኩል ገደማ ከመጣ እንዳልኩህ ነው።

እንዳልኩህ ከሆነ የኋላውን ዲፈረንሻል ብቻ ነጥለህ አትግዛ። የኤስ ቲ አይው ወፈር ያለ ነው፤ የአንተ ሴሚያሶች፣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች፣ አይገቡበትም። ከነሴሚያሱ፣ ከነጎማ ማሰሪያው ሙሉውን ውሰድ። ሶማሌ ተራ ስትጠይቅ «የ2004» ብለህ አስረግጥ። የ2005ቱ የጎማ ብሎኖች ርቀት ተቀይሯል፤ ቸርኬህ አይገባበትም። ካምቢዮው የወረደባት መኪና እስካሁን ካልተበታተነች ደግሞ ዛሬውኑ ሂድ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እንዲህ ያለ ዕቃ እየጠፋ ነው የሚሄደው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ መቆጣጠሪያው እንምጣ። የዚያ ካምቢዮ የመሃል ዲፈረንሻል ክፍት ሲሆን ከኃይሉ 35 በመቶውን ወደ ፊት፣ 65 በመቶውን ወደ ኋላ ይልካል። ውስጡ ማግኔት አለ። ኮረንቲ ሲያገኝ ፊትና ኋላውን እያያያዘ ይሄዳል፤ ጨርሶ ሲቆልፍ እኩል ይዞራሉ። መቆጣጠሪያው ኮረንቲውን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ይመጥናል። ስለዚህ «በማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ከባትሪ እሰጥሃለሁ» የሚል ካጋጠመህ እሺ አትበል፤ ማግኔቱ ይቃጠላል። ከመግዛትህ በፊት የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ በቴስተር ለካ። ጥቂት ኦም ካነበበ ማግኔቱ በሕይወት አለ። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል፤ ለአክስትህ ልጅ ገንዘቡን አታስወጣው።

ሲገጠም ከማብሪያው በኋላ የሚመጣ ኮረንቲ በፊውዝ፣ ጥሩ ኔጋቲቭ፣ ከነዳጅ መስጫው ሴንሰር አንድ ሽቦ፣ ከፍሬን መብራት አንድ፣ ከእጅ ፍሬን አንድ ያስፈልጋል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን «ኋላ እንቀጥለዋለን» የሚል ሠራተኛ ይኖራል። እኔም ብዬው አውቃለሁ። የፍሬኑን ሽቦ ሳልቀጥል የደንበኛ መኪና ልሞክር ወጣሁ። ክረምት ነው፣ ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ቁልቁል ቸርችልን እየወረድኩ ፍሬን ያዝኩ። መሃሉ እንደተቆለፈ ነበርና አራቱም ጎማ አንድ ላይ ተንሸራተተ። ደንበኛዬ አጠገቤ ነበር። ከፊታችን ቆሞ የነበረው ታክሲ ወደ ጎን ባይል ኖሮ ምን እንደሚሆን እስከ ዛሬ አስባለሁ። ፍሬን ሲያዝ መሃሉ መከፈት አለበት፤ የእጅ ፍሬን ሲነሳም እንደዚያው። እነዚህ ሁለት ሽቦዎች ሳይቀጠሉ መኪናዋ ከጋራዥ አትውጣ።

ጎማዎችህንም እይ። አራቱም አንድ ዓይነት፣ እኩል ያለቁ ይሁኑ። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰድና ዙሪያቸውን ለካ፤ ልዩነቱ ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። አንድ ጎማ ፈንድቶብህ አንድ አዲስ ብቻ ብትቀይር መሃሉን ዳግም ታሠቃየዋለህ።

ከተማ ውስጥ ክፍት አድርገህ ንዳት። ደረቅ አስፋልት ላይ ቆልፈህ ፒያሳ ለማቆም መሪ ብትጠመዝዝ ስትንቀጠቀጥ፣ ስትዘል ይሰማሃል። መቆለፊያው ለጭቃና ለጠጠር መንገድ ነው።

በል አሁን ጠመኔ ያዝ። የቆጠርከውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ 39 ከሆነ ስለ ድምፁ ሌላ የምጠይቅህ አለኝ።